ካሜራዬ፣ ጨለማው አዳራሽና የጓደኛዬ ዝላይ

በዚህ ቡሌቲን ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ካፌ ምግብና ስለ ፈተና ጭንቀት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ሌንስ ነው። «ስለ ሌንስ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ የቸኮላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጥቂት ታገሡኝ። ነገሩ የሚጀምረው በ412 የተበላሹ ፎቶዎች ነው። ሁሉንም ያነሳሁት እኔ ነኝ።

የዶርሜ ልጅ (ስሟን ከጻፍኩ ትጣላኛለች) ለኮሌጃችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ትጫወታለች፤ ያው እኛ ቮሊቦል የምንለው ማለት ነው። የመጣችው ከደሴ ነው። እናቷ ልጃቸው ኳስ እንደምትጫወት ከሰሙ ጀምሮ በደወሉ ቁጥር የሚሏት አንድ ነገር ነው፤ «ለትምህርት ነው የላክሁሽ ወይስ ኳስ እንድታባርሪ?» እሷም ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ላይ ትቀመጥና ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ዘንድሮ መስከረም ላይ ነገሩ ጠና። «የዘንድሮን ጨርሺና በቃሽ» አሏት። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሁለታችንም በየአልጋችን እንደተጋደምን «እማዬ እኮ አይታኝ አታውቅም» አለችኝ። «ሜዳ ለሜዳ የምሯሯጥ ነው የሚመስላት። አንድ ጊዜ ስዘል ብታየኝ ይበቃኝ ነበር። አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? አንድ ፎቶ አንሺልኝና ለፋሲካ ይዤላት ልሂድ።» እናቷ የሚይዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ ፎቶው ታትሞ ነው መሄድ ያለበት።

ጋዜጠኛ አይደለሽ ተብሎ እምቢ ይባላል? አይባልም። እኔም «ይሄማ ምን ችግር አለው!» አልኩ። ጉራዬ ነው ያጠፋኝ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግሁት ኅዳር ላይ ነው። ለተግባር ትምህርት የሚያውሱንን ካኖን 600ዲ ካሜራ ፈርሜ ወሰድኩ። አብሮት ያለው ሌንስ ሁላችሁም የምታውቁት 18-55 ነው። አዳራሹንም ታውቁታላችሁ፤ መስኮቶቹ ከላይ ጠባብ ጠባብ ናቸው፣ ከጣሪያው አምፖሎች ግማሾቹ አይበሩም፣ የሚበሩትም ቢጫና አረንጓዴ ቅልቅል ናቸው። ካሜራውን አውቶ ላይ አድርጌ መተኮስ ጀመርኩ። ፍላሹ ራሱ ብድግ እያለ ብልጭ ይላል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዳኛው ፊሽካ ነፍተው ወደ እኔ ዞሩና «እህቴ፣ ይቺን ብልጭ ብልጭ አጥፊልኝ፤ የልጆቹን ዓይን እያጠፋሽብኝ ነው» አሉኝ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ፍላሹን አጥፍቼ ቀጠልኩ። ማታ ዶርም ገብቼ ስከፍተው 137 ፎቶ አለ፤ ግን ሰው የለበትም። ያለው ጭስ ነው። ቀይ ማልያ የለበሰ ጭስ።

የሁለተኛው ሙከራ ታሪክ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም በዚህኛው ገንዘብ ከፍያለሁ። ጥፋቱን ሁሉ በሌንሱ አሳብቤ «ባለሙያዎቹ የሚይዙትን ካልያዝኩ አይሆንም» አልኩ። ለሠርግ አንሺዎች ዕቃ ከሚያከራይ ሱቅ ሄድኩና የሁለት ሳምንት የሻይና የኮፒ ገንዘቤን ከፍዬ ባለ 70-200ውን፣ ኤፍ 2.8 የሚሉትን ትልቁን ሌንስ፣ ለአንድ ቀን ተከራየሁ። አከራዩ ሌንሱን ሲሰጠኝ «በቃ እህቴ፣ ይሄን ከያዝሽ ማን ይደርስብሻል!» አለኝ። ውሸቱን አልነበረም፤ ግቢ ውስጥ ይዤው ስገባ ወንዶቹ ሁሉ መንገድ ለቀውልኛል። ግን ሌንሱ ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል። እኔ ደግሞ ከነጫማዬ አርባ ስምንት ኪሎ ነኝ።

ይህን ሁሉ ይዤ ታች መቀመጥ ፈራሁ፤ ኳስ ቢመታውስ? ቢሰበር እኔ ተሸጬ አልከፍለውም። ስለዚህ ከላይ ከተመልካቹ መካከል ከመጨረሻው ረድፍ ቆምኩ። ከፊቴ የተቀመጡት ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ይነሳሉ። ዙሙን ጨምሬ ጓደኛዬን ስፈልጋት ኳሱ አልፏል፤ ኳሱን ስከተል እሷ ጠፍታለች። ሁለተኛው ሴት ላይ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚያ ላይ ከአንድ ቦታ «አይኤስኦ ከፍ ካለ ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል» የሚል ሰምቼ ስለነበር 400 ላይ ቆልፌዋለሁ። ያን ቀን ያነሳሁት 275 ነው። ከኅዳሩ ጋር ስትደምሩት 412 ይመጣላችኋል። ማታ ጓደኛዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። ምንም አላለችም። ካየቻቸው በኋላ «ደክሞሽ ይሆናል፤ ተኚ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ፎቶዎቹን ይዤ የፎቶ ጋዜጠኝነት መምህራችን ቢሮ ሄድኩ። «ቲቸር፣ ካሜራው ለዚህ አይሆንም መሰለኝ» ብዬ ጀመርኩ። እሳቸው አሥር ያህል ካዩ በኋላ ስለ ካሜራው ምንም ሳይሉ «የት ቆመሽ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ለምን?» አሉ። «ሌንሱ እንዳይሰበር» አልኩ። ሳቁ፤ ከዚያ የተናገሩት ግን አሁንም ደብተሬ ላይ አለ። «መጀመሪያ የምትቆሚበትን ቦታ ምረጪ። ቦታው ሌንሱን ይመርጥልሻል። አንቺ ያደረግሽው ግን ሌንሱን መርጠሽ፣ ሌንሱ ደግሞ ከጨዋታው አባረረሽ።»

ከዚያ ወረቀት አውጥተው ጉዳዩን በቁጥር አሳዩኝ። እኔም ለናንተ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ጀሪካን ከቧንቧ ስትሞሉ ሁለት ነገር ይወስነዋል፤ የቧንቧው ስፋትና ቧንቧው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ። ለካሜራ ስፋቱ አፐርቸር ነው፤ ጊዜው ሹተር። አይኤስኦ የሚሉት ደግሞ በገባው ጥቂት ብርሃን ረክቶ ምስሉን ማጉላት ነው። የሌንስ «ኤፍ» ቁጥር ግልብጥ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 5.6፣ 4፣ 2.8፣ 2 እያላችሁ ስትወርዱ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሆናል።

በኛ አዳራሽ ሲሰላ እንዲህ ነው። አይኤስኦ 1600 ላይ ሆነን፣ ያ 18-55 ሌንስ እስከ መጨረሻው ዙም ሲደረግ ከኤፍ 5.6 በላይ አይሰፋም፤ ስለዚህ ሹተሩ 1/60ኛ ሰከንድ ይሆናል። ኤፍ 4 ቢኖረን 1/125ኛ፣ 2.8 ቢኖረን 1/250ኛ፣ 2 ቢኖረን 1/500ኛ። ይህ ለጨዋታ ምን ማለት ነው? ኳስ የሚመታ እጅ በሰከንድ አሥር ሜትር ይንቀሳቀሳል ብለን ብናስብ በ1/60ኛ ሰከንድ ውስጥ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ካሜራው ያንን ሁሉ መንገድ አንድ ላይ ይስለዋል፤ የኔ «ጭስ» ይህ ነበር። በ1/500ኛ ሰከንድ ግን የሚሄደው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

«ታዲያ የተከራየሁት ኤፍ 2.8 ነበር፤ ለምን አልሆነም?» አልኳቸው። «አይኤስኦውን 400 ላይ አስረሽ እንደገና ወደ 1/60ኛ መልሰሽዋላ!» አሉኝ። ለካ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ ያገኘሁትን ብርሃን በአንድ ቁልፍ መልሼ ደፍቼዋለሁ። ከፍተኛ አይኤስኦ የሚያመጣው ነጥብ ነጥብ ነገር በትንሽ ወረቀት ሲታተም ብዙም አይታይም፤ በእንቅስቃሴ የተላቀቀን ፊት ግን የሚመልሰው የለም። የፍላሹንም ነገር ነገሩኝ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የፍላሹ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ከካሜራ አናት ብድግ የምትለዋ ፍላሽ ለልደት ኬክ ካልሆነ ለአዳራሽ አትሆንም፤ ተጫዋቾቹንም ትረብሻለች።

መቼም የኛ ሰው ስፖርት ሲባል ቶሎ የሚታየው ፀሐይ ላይ የሚሮጥ ሯጭ ነው። ግን ቲቸር ያን ቀን ያስታወሱኝ ሌላ ነገር ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ውድድሩ ያለቀው በጨለማ ነው። በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ነበር። እዚያ ብርሃን የሚይዝ ሰው ተመድቧል። የኛ አዳራሽ ግን ችቦ የሚይዝልኝ የለውም። ስለዚህ ያለችውን ብርሃን የሚጠጣ ሌንስ ያስፈልገኛል ማለት ነው።

ያ ሌንስ ታዲያ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ነው። በዙም አይሰፋም አይጠብም፤ ባለ አንድ ቁጥር ሌንስ ነው። የካኖኑ 160 ግራም ገደማ ነው፤ ትልቁ ሌንስ ከእንደዚህ ዓይነቱ ዘጠኝ ያህል ይመዝናል። አዲሱን ብንገዛ እንኳ ዋጋው የትልቁን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ቢሆንም ለተማሪ ኪስ ያው ብዙ ነው። ስለዚህ ሦስት የክፍል ልጆች ዕቁብ ቢጤ ጀመርንና ያገለገለ አንድ ገዛን። ስሟንም «ሃምሳዋ» አልናት። በየሳምንቱ ተራ ናት።

ያገለገለ ሌንስ ለመግዛት ለምታስቡ ያየነውን ልንገራችሁ። ሌንሱን ወደ መብራት አዙሩና ከኋላ ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ተዉት። ከካሜራ ላይ ግጠሙትና ቀዳዳውን ጠበብ አድርጋችሁ አንሱ፤ የሚከፈትና የሚዘጋው ምላጭ ቅባት ካለበት ይዘገያል። ፎከሱ ቅርብም ሩቅም ላይ መያዙን ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ። ኒኮን የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን አትርሱ። ከዲ3000ና ከዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም። ስለዚህ ኤኤፍ-ዲ የሚባለውን የድሮ ሃምሳ ብትገዙ ፎከሱን በእጃችሁ ማዞር ግድ ነው። ኤኤፍ-ኤስ የተጻፈበት ሞተሩ ከራሱ ነው፤ እሱን ፈልጉ።

ስልክ ብቻ ያላችሁም አትዘኑ፤ ግን አቅሙን እወቁ። የስልኩ «የማታ» ዘዴ ብዙ ምስሎችን በተከታታይ አንስቶ አንድ ላይ ያደርባል፤ ለቆመ ነገር ግሩም ነው፤ ለሚዘል ሰው ግን አይሆንም። በስልክ ስታነሱ ከጨዋታው ይልቅ ከጨዋታው አጠገብ ያለውን አንሱ፤ አሰልጣኙ ሲያወራ፣ ተቀያሪዋ ጥፍሯን ስትነክስ፣ ነጥብ ሲቆጠር ሲተቃቀፉ። መስታወት አልባ የሚባሉት አዳዲሶቹ ካሜራዎች ዓይንን ተከትለው ፎከስ ይይዛሉ፤ ያላችሁ ታድላችኋል። ነገር ግን ድምፅ የሌለውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር በአዳራሽ መብራት ሥር ስትጠቀሙ ፎቶው ላይ መስመር መስመር ሊወጣ ይችላል። መካኒካል ሹተር ካለው ወደ እሱ መልሱት።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት ሃምሳዋን ይዤ ልምምድ ላይ ሄድኩ። በፊት ልምምድ ማየት ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። ለካ ትልቁ ሥራ እዚያ ነው። የሜዳው ርዝመት 18 ሜትር፣ ስፋቱ 9 ሜትር ነው፤ የሴቶች መረብ ቁመት 2 ሜትር ከ24። ጓደኛዬ የምትመታው ከግራ በኩል ከመረቡ አጠገብ ነው። ከመስመሩ ውጪ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ወዲያ ወዲህ ስል ቆይቼ መረቡም፣ ምሰሶውም፣ የዳኛው መቆሚያም ፊቷን የማይከልሉበትን ቦታ አገኘሁ። ከመረቡ ትንሽ ወደ ተጋጣሚ በኩል ነው፤ ከሷ ስድስት ሜትር ገደማ። ከዚያ ርቀት ካሜራውን ወደ ቁመቱ ሳዞረው ሃምሳዋ ሁለት ሜትር ከሰባ ያህል ከፍታ ታሳያለች። ከጫማዋ እስከ ጣቷ ትገባለች ማለት ነው። ዙም ለምን ያስፈልገኛል?

አሰልጣኛቸውንም አስፈቀድኩ። «ኳስ ሲመጣ ጎንበስ በይ እንጂ ችግር የለም» አሉኝ። ዕቃዬ አንድ እፍኝ ስለሆነ ጎንበስ ማለት ይቻላል። በትልቁ ሌንስማ ጎንበስ ማለት መውደቅ ነው።

ልምምዱ ላይ ሌላም ነገር አወቅሁ። በተከታታይ ሦስት ፎቶ ሳነሳ አንዱ ጥሩ ይወጣል፣ አንዱ ቡናማ ሆኖ ይጨልማል፣ አንዱ አረንጓዴ ይሆናል። ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ቲቸርን ስጠይቃቸው የኤሌክትሪካችን ነገር ነው አሉኝ። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ እንደዚህ ያለ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይናችን አያየውም። 1/500ኛ ሰከንድ ግን የዚያን ዑደት አንድ አምስተኛ ብቻ ስለሚይዝ፣ ሲደምቅ ከደረስን ደማቅ፣ ሲደበዝዝ ከደረስን ደብዛዛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ከወጡት ካሜራዎች አንዳንዶቹ ይህን ጠብቀው የሚያነሱበት ዘዴ አላቸው፤ ካኖን 7ዲ ማርክ 2 ቀዳሚው ነበር። በ2011 በወጣው በኛ 600ዲ ግን መፍትሔው አንድ ነው፤ አንድ ዝላይ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መተኮስና አንዱ እንዲቀናችሁ መጸለይ።

ፎከሱንም በዘዴ ፈታሁት። ጓደኛዬ ከምትዘልበት ቦታ ቁማ እንድትጠብቀኝ አደረግሁና ፎከሱን እሷ ላይ ያዝኩ። ከዚያ ሌንሱ ላይ ያለችውን ማብሪያ ከአውቶ ወደ ማንዋል መለስኳት። ኤፍ 2 ላይ በስድስት ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ጥርት ብሎ ይወጣል። እሷ ደግሞ ሁሌ የምትዘለው ከዚያችው አካባቢ ነው። ካሜራው ኳሱን ልከተል፣ መረቡን ልከተል እያለ ከሚያመነታ ቀድሞ ጠብቋት ቢቀመጥ ይሻላል።

የጨዋታው ቀን ደረሰ። አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 2፣ 1/500ኛ። ሦስቱን ቁጥሮች እጄ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌያቸዋለሁ። አንገቴን የሚጎትተኝ ነገር የለም። ቡድኖቹ በየሴቱ ጎን ሲቀያየሩ የሷም መምቻ ቦታ ወደ ማዶ ይዞራል፤ እኔም ካሜራዬን በደረቴ ይዤ ዞሬ እሄዳለሁ፣ ፎከሴን እንደገና እይዛለሁ፣ ቁጭ እላለሁ። በዚያኛው ወገን የተቀያሪዎቹ ወንበር አጠገብ ነበርኩ። ይገርማችኋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታውን አየሁት። ጫማቸው ወለሉ ላይ ሲፋጭ፣ አንዷ «የኔ! የኔ!» ስትል፣ ኳስ የምታነሳላት ልጅ ጣቷን ከጀርባዋ አድርጋ ምልክት ስታሳይ፣ ሁሉ ይሰማኛል፣ ይታየኛል። ከላይ ቆሜ በ200 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሳጮልቅ የነበረ ጊዜ ይህ ሁሉ የለም።

ጓደኛዬ ከመዝለሏ በፊት ምን እንደምታደርግም አወቅሁ። ሦስት እርምጃ ትሄዳለች፤ በሦስተኛው ሁለት እጆቿ ወደ ኋላ ይወረወራሉ። እጆቿ ወደ ኋላ ሲሄዱ ትንፋሼን እይዛለሁ። ከፍ ብላ የምትጨርስበት ላይ እንደ መቆም ትላለች፤ ያኔ ነው የሚተኮሰው። ኳሱን ሳይ ከጠበቅሁ አልፎኛል። ይህን ትምህርት ሌንስ አይሸጥላችሁም።

ያን ቀን ያነሳሁት 180 ፎቶ አይሞላም። የሚረቡት ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ አንዱ ግን... ምን ልበላችሁ። ሦስተኛው ሴት ላይ ነው። ከመሬት ተነስታለች፣ ቀኝ እጇ ወደ ኋላ ተለጥጧል፣ ኳሱ ገና ከጣቷ በላይ ነው፣ አፏን ገርበብ አድርጋ ዓይኗን ኳሱ ላይ ተክላለች። ከመዳፏ ጫፍ ትንሽ ተላቋል። ጥላው ላይ ያ የፈራሁት አሸዋ አለ። ፊቷ ግን ጥርት ያለ ነው። ጨዋታውን በነገራችን ላይ 3 ለ 2 ተሸንፈናል። ማታ ዶርም ገብታ በጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ ፎቶውን ካሜራው ላይ ስታየው ረዥም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ ነኝ?» አለችኝ። ነይ ቲቸርን አመስግኚ ልላት ነበር፤ ግን አልቅሳ ስለነበር ዝም አልኩ።

በፖስታ ካርድ መጠን አሳተምነው። ለፋሲካ ይዛው ሄደች።

እኔ በዓሉን ሙሉ የማስበው ያን ፎቶ ነበር። ስለ ነጥቦቹ ነበር የምጨነቀው፤ «እናቷ ፎቶው ቆሽሿል ቢሉስ?» እያልኩ። ስትመለስ ሻንጣዋን ሳታወርድ «እሺ፣ ምን አሉ?» አልኳት። እንዲህ ስትል ነገረችኝ፤ «እማዬ ፎቶውን ተቀብላኝ በር ላይ ወጣች። ፀሐይ ላይ ይዛ ቆማ አየችው አየችው። እኔ ውስጥ ሆኜ ልቤ ቆሟል። ከዚያ ጠራችኝና 'ነይ እስቲ፤ ይሄ ጫማሽ አፉን ከፍቶ የለም እንዴ?' አለችኝ።»

እኔ ጫማውን አላየሁትም ነበር። ፎቶውን መቶ ጊዜ ሳየው ፊቷን፣ እጇን፣ ኳሱን፣ አሸዋውን ብቻ ነው ያየሁት። ካሜራውን ከፍቼ ወደ ታች ወረድኩ። እውነት ነው፤ የቀኝ ጫማዋ ሶል ከፊት ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፤ በማስቲሽ የተለጠፈበት ቢጫ መስመር ሳይቀር ይታያል። ከኅዳር ጀምሮ እየለጠፈች ስትጫወትበት ነው የከረመችው። አብረን ነው የምንኖረው፤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ከሻንጣዋ ውስጥ የጋዜጣ ጥቅልል አወጣች። ነጭ የስፖርት ጫማ ነው፤ እናቷ ከደሴ ገበያ ይዘዋት ሄደው ነው የገዙላት። «ስለ ማቆሙስ ምን አሉሽ?» አልኳት። «ምንም አላለችም» አለችኝ፤ ጫማውን እየለካች።

ይኸው ነው ነገሩ። አሁንም ትልቁን ሌንስ አልንቅም፤ በስታዲየም ከሩቅ ለሚያነሳ ሰው የግድ ነው። እኔ ግን ዕቃ ስመርጥ ቅድሚያ የምጠይቀው ሁለት ነገር ሆኗል፤ የት ነው የምቆመው? ይህን ይዤ እዚያ ጨዋታው እስኪያልቅ መቀመጥ እችላለሁ? ለሁለቱ መልስ ካገኘሁ የቀረው የቀዳዳው ስፋት ነው።

ሃምሳዋን ማየት የምትፈልጉ ሁለተኛ ዓመት ክፍል ጠይቁን፤ ዕቁቡ ላይ ለአራተኛ ሰው ቦታ አለ። ተራችሁ በጨዋታ ሳምንት እንዲውል ግን ከኔ ጋር ዕጣ ማውጣት አለባችሁ። የሚቀጥለው ጨዋታ ላይ ነጭ ጫማ ያደረገችውን ልጅ የማነሳው እኔ ነኝ።